ከኋላ ጎማ የሚመጣው ጩኸት፦ በቆየ ላንድክሩዘርና ሃይሉክስ ላይ የአክስል ዘንግና ኩሽኔታ መቀየር

የቁም እንስሳት ንግድ በከባድ መኪናና በመርከብ ብቻ የሚሠራ አይደለም። ነጋዴው ከዱብሉቅ ወደ ሞያሌ፣ ከባቢሌ ወደ ጅግጅጋና ቶጎጫሌ፣ ከአንዱ የገጠር ገበያ ወደ ሌላው የሚመላለሰው በአብዛኛው በቆየ ፒክአፕ ነው። ዋጋ የሚያጠያይቀው፣ እረኛ የሚያደርሰው፣ ውኃና መኖ የሚጭነው፣ ሲመቸውም ከ10 እስከ 15 ፍየል ከኋላ ጭኖ የሚመለሰው በዚሁ መኪና ነው። መኪናው ከቆመ ደላላው ይጠብቃል፣ ሻጩ ለሌላ ይሸጣል፣ የተገዛውም ከብት ያለ ውኃ ይቆማል።

በተለይ ከሐጅ ወቅት በፊት ባሉት ሳምንታት ይህ መዘግየት ውድ ነው። በርበራና ጅቡቲ ላይ የሚጭን ላኪ እንስሳቱ በኳራንቲን የሚቆዩበትን ጊዜ ቆጥሮ ነው ቀን የሚቆርጠው። የሐጅ ወቅት ደግሞ በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ገደማ ወደፊት ስለሚቀድም፣ የዘንድሮው ጥድፊያ ከአምናው ቀድሞ ይመጣል። ሦስት ቀን በመንገድ ዳር የጠፋ ሰው የሚከፍለው የመካኒክ ዋጋ ብቻ አይደለም። ቆሞ የዋለ እንስሳ ይከሳል፤ የከሳ እንስሳ ደግሞ ገበያ ላይ ዋጋው ይወርዳል።

የኋላ አክስል ብልሽት ከሌሎች ብልሽቶች የሚለይበት አንድ ነገር አለ፤ አስቀድሞ ይናገራል። ብዙ ጊዜ ከመሰበሩ በፊት ለቀናት፣ አንዳንዴም ለሳምንታት ይጮኻል፣ ይሞቃል፣ ዘይት ያንጠባጥባል። ምልክቱን የሚያውቅ ነጋዴ ሥራውን በከተማ፣ በጥላ ሥር፣ በራሱ ቀን ያስጨርሳል።

መጀመሪያ አክስሉ የትኛው ዓይነት እንደሆነ ይታወቅ

በአካባቢው መንገዶች ላይ የሚታዩት የቆዩ መኪኖች የኋላ አክስል በሁለት ይከፈላል።

የመጀመሪያው ዘንጉ ራሱ የመኪናውን ክብደት የሚሸከምበት ነው። የቆየው ባለ ባሌስትራ ሃይሉክስ የዚህ ዓይነት ነው። ጎማው የሚታሰረው በዘንጉ ጫፍ ላይ ነው፤ ኩሽኔታውም በዘንጉ ላይ በፕረስ ተጭኖ ይቀመጣል። ዘንጉ ጎማውን ያዞራል፣ ክብደትም ይሸከማል።

ሁለተኛው መካኒኮች «ፉል ፍሎቲንግ» የሚሉት ነው። በእርሻ፣ በእርዳታና በንግድ ሥራ የሚታወቀው የ70ዎቹ ዘር ላንድክሩዘር ፒክአፕ በብዛት ይህ አለው፤ እንስሳ የሚጭኑ ከባድ መኪኖችም እንዲሁ ናቸው። እዚህ ክብደቱን የሚሸከመው የአክስሉ ቤት ጫፍ ነው። በእሱ ላይ ሞዞው በሁለት ሾጣጣ ኩሽኔታዎች ይዞራል። ዘንጉ ሥራው ማዞር ብቻ ነው፤ ቢወጣም ጎማው ከቦታው አይነቃነቅም።

ሁለቱን ለመለየት መኪና ማንሳት አያስፈልግም። በቸርኬው መሃል ወደ ውጭ የወጣ ሞዞ፣ በላዩም ላይ ክብ ሠርተው የተደረደሩ ዳዶዎች ካሉ ክብደት የማይሸከመው ዓይነት ነው። መሃሉ ለስላሳ ሆኖ የጎማ ዳዶዎች ብቻ ከታዩ ክብደት የሚሸከመው ዓይነት ነው። ይህን መለየት ሁለት ነገር ይወስናል፤ ሥራው ምን ያህል ጊዜ እንደሚወስድና በረሃ ላይ ቢሰበር መኪናው ሊንቀሳቀስ ይችል እንደሆነ።

ምልክቶቹ

የኩሽኔታ ጩኸት ከፍጥነት ጋር ይጨምራል፤ ፍሪሲዮን ቢረገጥም አይጠፋም። በአስፋልት ላይ መሪው ቀስ ብሎ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሲዘነበል ክብደቱ ወደ አንድ ጎን ስለሚሄድ ድምፁ ይለወጣል። ወደ ግራ ሲታጠፍ የሚብስ ከሆነ ብዙ ጊዜ ጥርጣሬው በቀኙ ጎማ ላይ ነው፤ ወደ ቀኝ ሲታጠፍ የሚብስ ከሆነ ደግሞ በግራው ላይ።

ሁለተኛው ምልክት ሙቀት ነው። ከ20 ወይም ከ30 ኪሎ ሜትር ጉዞ በኋላ፣ ፍሬን ብዙ ሳይረገጥ ቆሞ፣ የእጅን ጀርባ ወደ ሁለቱም የኋላ ጎማዎች መሃል ቀስ ብሎ ማስጠጋት ይበቃል። ሁለቱ ለብ ማለታቸው የተለመደ ነው። አንዱ እጅ የማያስጠጋ ሆኖ ሌላው ለብ ብቻ ካለ ግን የሚፈተሽ ነገር አለ።

ሦስተኛው ዘይት ነው። በጎማው የውስጥ ጎን ወይም በታምቡሩ ጀርባ ላይ ጥቁር እርጥበት ከታየ የዘይት ማገጃው (ፓራኦሊዮው) አልቋል ማለት ነው። የፍሬን ዘይት ቀጭን ነው፤ የዲፈረንሻል ዘይት ግን ወፍራምና ሽታው ከባድ ነው። ፓራኦሊዮ ብቻውን የሚያልቅበት ጊዜ አለ፤ ብዙ ጊዜ ግን ያለቀ ኩሽኔታ ዘንጉን ስለሚያንቀጠቅጠው ነው የሚበላሸው። ስለዚህ ፓራኦሊዮ ብቻ ቀይሮ መሄድ በአንድ ወር ውስጥ ያንኑ ሥራ ሊያስደግም ይችላል።

አራተኛው መላላት ነው። ጎማው ከመሬት ተነስቶ ከላይና ከታች ተይዞ ሲወዛወዝ የሚሰማ ክፍተት ካለ፣ ወይም በእጅ ሲዞር አሸዋ የገባበት ያህል ካንኳኳ፣ ኩሽኔታው ጊዜውን ጨርሷል።

ጭነቱ ሳይወርድ ክሪክ አይገባም

በዚህ ንግድ ውስጥ ከሁሉም በላይ መታሰብ ያለበት ይህ ነው። የሲሚንቶ ጭነት ባለበት ይቆማል፤ ፍየልና በግ ግን አይቆሙም። አንድ ነገር ሲያስደነግጣቸው በአንድ ላይ ወደ አንድ ጎን ይገፋሉ፤ ክሪክ ላይ ያለ መኪናም በዚያ ግፊት ይወድቃል። እንስሳቱ መጀመሪያ ይውረዱ፣ ጥላ ያግኙ፣ ከተቻለም ይጠጡ። እነሱን የሚጠብቅ ሰውና ከመኪናው ሥር የሚገባ ሰው የተለያዩ ይሁኑ።

መኪናው በደረቅና ደልዳላ መሬት ላይ ይቁም። የፊት ጎማዎቹ ከፊትም ከኋላም በድንጋይ ይታገዱ። ካምቢዮ አስገብቶ መተው ዋስትና አይሆንም፤ አንድ የኋላ ጎማ ሲነሳ ወይም አንድ ዘንግ ሲወጣ ዲፈረንሻሉ በዚያ በኩል በነፃ ስለሚዞር መኪናው ካምቢዮ ውስጥ እያለ ሊንከባለል ይችላል። መኪናው ከተነሳ በኋላ ክብደቱ በክሪክ ላይ ሳይሆን ከአክስሉ ቤት ሥር በገባ ጠንካራ መቆሚያ ላይ ይረፍ። በረሃ ላይ ወፍራም ግንድ ወይም የተኛ ትርፍ ጎማ ከነቸርኬው ያገለግላል፤ የሚሰባበር ጡብና ድንጋይ ግን አይሆንም።

ሃይሉክስ ላይ፦ ዘንጉ ከነኩሽኔታው ይወጣል

ጎማውና ታምቡሩ ይወርዳሉ። የፍሬን ዘይት ቱቦው ከሲሊንደሩ ጀርባ ይፈታል፤ ጫፉም አቧራ እንዳይገባበት ይዘጋል። የእጅ ፍሬን ገመዱም ይለያል። ቀጥሎ ከፍሬኑ ጀርባ ያሉት አራት ዳዶዎች ይፈታሉ። ከዚያ ዘንጉ፣ ኩሽኔታው፣ የኩሽኔታው ቤትና የፍሬኑ የጀርባ ሳህን አንድ ላይ ተስበው ይወጣሉ። እምቢ ካለ ታምቡሩን ገልብጦ በጎማው ቡሎኖች ላይ በሁለት ዳዶ አላልቶ ማሰርና ወደ ውጭ እየመቱ ማውጣት የተለመደ ዘዴ ነው። ሲወጣ በቀጥታ ይያዝ፤ የዘንጉ ጥርስ በአክስሉ ቤት ውስጥ ያለውን ፓራኦሊዮ እየቧጠጠ ከወጣ ፓራኦሊዮውን ይቀደዋል።

ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ የመንገድ ዳር ሥራ አይደለም። ኩሽኔታው በፕረስ የተጫነ ስለሆነ ዘንጉ ወደ ቶርኖ ቤት ወይም ፕረስ ወዳለው ጋራዥ ይሄዳል። መጀመሪያ የመያዣ ቀለበቱ ይፈታል፤ ከዚያ ዘንጉ ከኩሽኔታው ውስጥ ይገፋል። በእሳት እያሞቁ ማላቀቅ ፈጣን ይመስላል፤ ነገር ግን የዘንጉ ብረት በሙቀት ተጠንክሮ የተሠራ ስለሆነ እንደገና ሲሞቅ ጥንካሬውን ያጣል። በመዶሻ ተመትቶ የገባ አዲስ ኩሽኔታም ገና ሳይሠራ ውስጡ ይጎዳል። ፕረሱ መግፋት ያለበት የኩሽኔታውን የውስጥ ቀለበት ብቻ ነው።

ሲገጠም ቅደም ተከተሉ መጠበቅ አለበት። የጀርባው ሳህንና የኩሽኔታው ቤት ከነውጭ ፓራኦሊዮው መጀመሪያ ወደ ዘንጉ ይገባሉ፤ ኩሽኔታው ቀጥሎ፤ መያዣው ከሱ በኋላ፤ በመጨረሻም የመያዣ ቀለበቱ በጉድጓዱ ውስጥ ይቀመጣል። ቸኩሎ ኩሽኔታውን ቀድሞ የጫነ ሠራተኛ ሳህኑን ለማስገባት አዲሱን ኩሽኔታ እንደገና አውጥቶ ያበላሸዋል። ባለቤቱ ከጎን ቆሞ ይህን ቢያይ አይከፋም።

በአክስሉ ቤት ውስጥ ያለው ፓራኦሊዮ ሁልጊዜ አብሮ ይቀየር። ከንፈሩ ሲገባ ትንሽ ዘይት ወይም ግራሶ ይቀባ። ፓራኦሊዮው የሚያርፍበት የዘንጉ ቦታ በጥፍር ሲዳሰስ ጉድጓድ ካለው አዲሱም ያፈሳል። ሥራው ሲያልቅ የፍሬን ቱቦው ተከፍቶ ስለነበር አየሩ መውጣት አለበት። ፔዳሉ ሲረገጥ እንደ ስፖንጅ ከሰጠ አየር አለ ማለት ነው፤ መኪናው ከጋራዥ አይውጣ።

ላንድክሩዘር ላይ፦ ዘንጉ ለብቻው፣ ኩሽኔታው ለብቻው

ክብደት በማይሸከመው ዓይነት ዘንጉን ብቻ ለመቀየር ጎማ ማውረድ እንኳ ግዴታ አይደለም። በሞዞው ፊት ያሉት ዳዶዎች ይላላሉ እንጂ በአንድ ጊዜ አይወልቁም፤ የቡሎኑ ጥርስ እንዳይጎዳ ጫፉ ላይ ይቆያሉ። ከሥራቸው ያሉት ሾጣጣ ሮንዴላዎች ጠብቀው ስለሚይዙ የቡሎኖቹ ጫፍ በናስ በትርና በመዶሻ ሲመታ ይለቃሉ። በዘንጉ ሳህን ላይ ጥርስ ያላቸው ባዶ ቀዳዳዎች ካሉ በእነሱ ውስጥ ቡሎን ማጥበቅ ሳህኑን ገፍቶ ያወጣዋል። በካቻቢቴ ፈልቅቆ ማውጣት ግን የጓርኒሲዮኑን ማረፊያ ይጭረዋል፤ በዚያ በኩልም ዘይት ይወጣል።

ኩሽኔታው የሚቀየር ከሆነ ጎማው፣ ታምቡሩና ዘንጉ ከወጡ በኋላ ወደ ሞዞው ዳዶ ይደረሳል። በበርካታዎቹ የቆዩ ሞዴሎች ይህ ዳዶ 54 ሚሊሜትር ነው፤ መፍቻውም በመኪናው ዕቃ ውስጥ መኖር ያለበት ነው። በመሮ እየመቱ መፍታት ዳዶውንም የአክስሉን ጫፍ ጥርስም ያበላሻል፤ የአክስሉ ቤት ደግሞ በቀላሉ የሚገኝ ዕቃ አይደለም።

ሞዞው ከወጣ በኋላ ሁለቱ ኩሽኔታዎች ከነውጭ ቀለበታቸው ይቀየራሉ። አሮጌ ቀለበት ላይ አዲስ ኩሽኔታ ማስቀመጥ ገንዘብ ማባከን ነው። አሮጌው ግራሶ ሙሉ በሙሉ ይታጠባል፤ አዲሱም ለኩሽኔታ የሚሆን ሆኖ በመዳፍ እየተገፋ በየጥርሱ መካከል እስኪሞላ ይገባል። ከላይ የተቀባ ግራሶ አይበቃም።

ከሁሉም ጥንቃቄ የሚጠይቀው ማጥበቁ ነው። ዳዶው ሞዞው በእጅ እየተዞረ ይጠብቃል፤ ኩሽኔታዎቹ በቦታቸው ሲያርፉ ትንሽ ይላላል፤ ከዚያ እንደገና በልክ ይጠብቃል። ልኩ በመኪናው መመሪያ ላይ አለ። ትክክለኛ ሲሆን ሞዞው በነፃ ይዞራል፣ ሲወዛወዝ ግን የሚሰማ ክፍተት የለውም። ከልክ በላይ የጠበቀ ኩሽኔታ በመጀመሪያው ረጅም ጉዞ ይቃጠላል፤ የላላው ደግሞ ፓራኦሊዮውን ይበላል። በመጨረሻ የመቆለፊያው ሮንዴላ ጆሮ በዳዶው ላይ ይታጠፍ፤ ጆሮው የተሰበረ ሮንዴላ አይደገም።

ዘንጉ ሲመለስ አዲስ ጓርኒሲዮን ይግባ፤ ዳዶዎቹም በመስቀል እየተቀያየሩ ይጥበቁ። ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከተሄደ በኋላ እንደገና ይፈተሹ። በዚህ ዓይነት አክስል ላይ ብዙ ቡሎን የሚሰበረው ዳዶ ላልቶ ሳህኑ በየማርሹ ለውጥ ወዲህና ወዲያ ስለሚመታ ነው።

በሁለቱም ላይ የማይረሱ ሥራዎች

ዘይት የነካው የፍሬን ሸራ በቤንዚን ታጥቦ ወይም በእሳት ተቃጥሎ አይድንም፤ ሲሞቅ የጠጣውን ዘይት መልሶ ይተፋል። ሸራው በሁለቱም ጎማዎች ይቀየር፤ አንዱ ብቻ ከተቀየረ መኪናው ፍሬን ሲያዝ ወደ አንድ ጎን ይጎትታል።

የዲፈረንሻሉ ዘይት እስከ መሙያው ቀዳዳ አፍ ይሞላ፤ 80ደብልዩ-90 ወይም 85ደብልዩ-90፣ ደረጃው ጂኤል-5 የሆነ። የወጣው ዘይት እንደ ወተት ከነጣ ውኃ ገብቶበታል። መንስኤው ብዙ ጊዜ በአክስሉ ቤት ላይ ያለችው ትንሽ መተንፈሻ ናት። በጭቃ ስትዘጋ የሞቀው አክስል ወንዝ ውስጥ ሲገባ ድንገት ይቀዘቅዛል፤ በውስጡ ያለው አየር ይኮማተራል፤ ውኃውንም በፓራኦሊዮው በኩል ይስባል። መተንፈሻዋን ማጽዳት ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው፤ ቱቦ ቀጥሎ ወደ ላይ ማውጣትም ይቻላል።

በአንድ ጎን ኩሽኔታ በተደጋጋሚ የሚያልቅ ከሆነ ችግሩ ኩሽኔታው ላይ አይደለም። የአክስሉ ቤት ከልክ በላይ በተጫነበት ጊዜ ጎብጦ ሊሆን ይችላል። ቶርኖ ቤት አስለክቶ ማረጋገጥ ሦስተኛ ኩሽኔታ ከመግዛት ይረክሳል።

በረሃ ላይ ቢሰበር

ክብደት በማይሸከመው ዓይነት ዘንጉ ቢሰበርም ጎማው አለ፣ ፍሬኑም አለ። የተሰበረው ዘንግ ይወጣል፤ በዲፈረንሻሉ ውስጥ የቀረው ቁራጭም በማግኔት ወይም በሽቦ ወጥመድ ይሳባል፤ ውስጥ ቀርቶ የተንቀሳቀሰ ቁራጭ ዲፈረንሻሉን ይጨርሰዋል። ክፍቱ የሞዞ አፍ በቆርቆሮና በጎማ ተሸፍኖ በዳዶዎቹ ይታሰር። ከዚያ የፊት ሞዞዎቹ ተቆልፈው፣ አራት ጎማ ገብቶ፣ መኪናው በፊት ጎማዎቹ እየተሳበ ቀስ ብሎ እስከ ከተማ ይደርሳል። ያለ ጭነት፣ ያለ ጥድፊያ። አራት ጎማው ሁልጊዜ የሚሠራባቸው ሞዴሎች ላይ ግን የመሃሉ ዲፈረንሻል ካልተቆለፈ ኃይሉ በሙሉ ወደ ተሰበረው በኩል ይባክናል።

ክብደት በሚሸከመው ዓይነት ይህ አይሠራም። ኩሽኔታው ከተበታተነ ወይም ዘንጉ ከተሰበረ ጎማው ከነታምቡሩ ከመኪናው ሊወጣ ይችላል። የኋላ ጎማው የሚንገዳገድ ሃይሉክስ «እስከሚቀጥለው መንደር» ተብሎ አይነዳም። እንስሳቱ በሌላ መኪና ይሂዱ፣ ፒክአፑም ተጭኖ ወይም ኋላው ተነስቶ ይጎተት።

የተሰበረው ዘንግ አይጣል፤ ስብራቱ ይነበባል። የስብራቱ ፊት ከፊሉ ጠቁሮ ወይም ዝጎ ከፊሉ አዲስ ከሆነ ስንጥቁ የቆየ ነው። ጥርሶቹ እንደ ገመድ ተጠምዝዘው ከሆነ ጥፋቱ ከአቅም በላይ ጭነት ወይም በጭቃ ውስጥ በኃይል መንዳት ነው፤ በዚያ ጊዜ የሌላው ጎን ዘንግም ይታይ። በብየዳ የተቀጠለ ዘንግ ግን በማንኛውም ዋጋ አይገዛም።

ዕቃ ሲገዛ

በድንበር ከተሞች የሚሸጠው ዕቃ ከተለያየ አገር የመጣ ነው፤ መኪኖቹም እንዲሁ። ስለዚህ ዕቃ በሞዴል ስም ብቻ አይታዘዝ። የሻንሲ ቁጥሩ ይሰጥ፤ ከተቻለም አሮጌው ዘንግ አብሮ ይሂድ። ርዝመቱ ይለካ፣ ጥርሱ ይቆጠር፣ በሳህኑ ላይ ያሉት ቀዳዳዎች ይመሳከሩ። ግራና ቀኙ ርዝመታቸው የሚለያይ አለ። በ70ዎቹ ላንድክሩዘሮች ላይ አንድ ቀላል መለያ የጎማው ዳዶ ነው፤ የቆየው ባለ 75 ፒክአፕ ባለ 6 ዳዶ ሲሆን ከ1999 ጀምሮ የመጣው ባለ 79 ባለ 5 ዳዶ ነው።

በታወቀ ስም የታሸገ ሐሰተኛ ኩሽኔታ በየገበያው አለ። በቀለበቱ ላይ የተቀረጸው ቁጥር ከካርቶኑ ቁጥር ጋር ይመሳከር፤ ጽሑፉ የደበዘዘ ወይም የተጣመመ ከሆነ፣ ሲዞር ከተንኮሻኮሸ፣ ዋጋውም ከሌላው በብዙ ከረከሰ ይቀመጥ። ደረሰኝ ተይዞ ይቆይ፤ ድንበር ላይ ዕቃው ለሽያጭ ሳይሆን ለራስ መኪና መሆኑን ለማስረዳት ያግዛል።

ረጅም መንገድ የሚሄድ መኪና አንድ ጥንድ ኩሽኔታ፣ ፓራኦሊዮዎች፣ ጓርኒሲዮን፣ ጥቂት የሞዞ ቡሎኖች ከነሾጣጣ ሮንዴላቸው፣ ግራሶና 2 ሊትር የዲፈረንሻል ዘይት ቢይዝ ቦታ አይወስድበትም። በላንድክሩዘር ላይ ትርፍ ዘንግም ከወንበር ጀርባ ይገባል።

ለመካኒኩ ከመከፈሉ በፊት

አሮጌው ኩሽኔታና ፓራኦሊዮ ለባለቤቱ ይመለስ። የዲፈረንሻሉ ዘይት ደረጃ በዓይን ይታይ። ፍሬኑ በዝግታ ሦስት አራት ጊዜ ይፈተን። ከዚያ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ተነድቶ ሁለቱም የኋላ ሞዞዎች በእጅ ጀርባ ይነካኩ፤ ሙቀታቸው ተቀራራቢ መሆን አለበት። ከታምቡሩ ጀርባ አዲስ እርጥበት ካለ ሥራው አላለቀም። ይህን ሁሉ ለማየት ከአንድ ሰዓት በላይ አይፈጅም፤ ጭነት ከተጫነ በኋላ ግን ያው ስህተት የገበያ ቀን ያስመልጣል።